«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው»

ገበታ ላይ «ኧረ በቃኝ!» ብሎ አፉን በመዳፉ ለሚከልል ሰው የተዘጋጀች መልስ ናት። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው!» ከተባለ በኋላ ክርክር የለም፤ አፍ ይከፈታል።

ጉርሻ «ጎረሠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አፍ የሚሞላ አንድ ጥቅል ማለት ቢሆንም፣ በልማዳችን ጉርሻ ስንል ሌላ ሰው በእጁ የሚያጎርሰንን ነው። ለአስተናጋጅ ከሒሳቡ በላይ የሚተወውንም ብር በዚሁ ስም እንጠራዋለን።

የምሳሌው ጨው ግን «ሲያስጨንቅ» የምትለው ናት። አክስቴ ዶሮ ወጥ ስታጎርስ ብታዩ ይገባችኋል። እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ትፈለቅቃለች፣ ከእንቁላሉ ትንሽ ታክልበታለች፣ ከዚያ ጠቅለል አድርጋ፣ ወጡ ልብስ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግራ መዳፏን ከሥር ዘርግታ ትመጣለች። «በሞቴ!» ጣቶቿ ከንፈር ሳይነኩ ጉርሻው አይገባም። ጉንጭ ይወጠራል፣ ዓይን እንባ ያቀርራል፣ ለትንሽ ጊዜ መናገርም አይቻል። እሷ ግን ገና ሁለተኛውን እየጠቀለለች ነው፤ «አንድ ያጣላል» ይባላላ! ቀጣዩ እንደየቤቱ ይለያያል፤ «ሁለት ያፋቅራል» የሚል አለ፣ ፍቅሩን እስከ ሦስተኛው የሚያዘገይም አለ።

ምግቡማ መሶቡ ላይ ለሁሉም ቀርቧል፣ ማንም በገዛ እጁ መብላት ይችላል። በጉርሻ የሚሰጠው እጁ ራሱ ነው። የሰው ጣት አፍ ድረስ እንዲደርስ መፍቀድ ቀላል እምነት አይደለም። ሙሽሮች በሰው ፊት የሚጎራረሱት ርቧቸው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አያቶቻችን አንጎል ከፍተው አላዩም። ዋይልደር ፔንፊልድ የተባለው የሞንትሪያል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ግን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በቀዶ ሕክምና ላይ የነቁ ሕሙማንን አንጎል በመጠነኛ ኤሌክትሪክ እየነካካ የመዳሰስን ካርታ ሠርቷል። በዚያ ካርታ ላይ እጅና ጣት፣ ከንፈርና ምላስ ከግዙፉ ጀርባችን የበለጠ ቦታ ይዘው ተገኙ። ጉርሻ የሚያገናኘውም እነዚህኑ ነው፤ የአንዱን ጣት ከሌላው ከንፈር።

ምሳሌውን «ፍቅር ካላሰቃየ ፍቅር አይደለም» ለማለት የሚጠቅሱት አሉ። እኔ አልቀበለውም። ደህና አጉራሽ የአፍህን ልክ ያያል፤ ማስጨነቅ ሌላ፣ ማነቅ ሌላ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጨባበጥ እንኳ ተከለከለ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለና አክስቴ ቤት ሄድኩ፤ በሩ ላይ ተሳስመን የማናውቀውን ያህል ራቅ ብለን አንገታችንን ደፋ አደረግን። ገበታው ሲቀርብ እንደ ልማዷ ጠቀለለች፤ ግራ መዳፏን ዘረጋች። መንገድ ላይ እጇ ቆመ። ጉርሻውን የሳህኔ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችውና «በል አንሣና ብላ» አለችኝ።

ስበላ አየችኝ።

«ይሄ ምኑ ጉርሻ ነው፣ ቁራሽ ነው እንጂ» ብላ እጇን ልትታጠብ ተነሣች።