የሚጨበጥ የእጅ መደገፊያ ምንድን ነው?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዛን ሰዎች ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጋር አንድ ያላሰብነውን ነገር እንረከባለን፤ ከጓሮ በኩል ቤቱን የተጠጋ የእንጨት ዴክ፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል። ቡናው የሚፈላው፣ ሥጋው የሚጠበሰው እዚያ ነው። ቋሚዎቹ ደህና ሆነው መደገፊያው ብቻ ተሰነጣጥቆ ሲገኝ አዲስ ጣውላ ገዝቶ መምታት ቀላል ይመስላል። ለእኔም መስሎኝ ነበር።

በደረጃው ቋሚዎች ላይ ሁለት በስድስት የሚባለውን ጣውላ በጀርባው አጋድሜ በብሎን አሰርሁት። ያምር ነበር። ሊፈትሽ የመጣው ሰው ሜትርም ሊቬላም አላወጣም፤ እጁን ጣውላው ላይ አሳርፎ ጣቶቹን ለመግጠም ሞከረ። አውራ ጣቱ በአንዱ ጠርዝ፣ አራቱ በሌላው ተንጠልጥለው ቀሩ። “ይህማ መደርደሪያ ነው” አለኝ።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን “መደገፊያ” እንላለን። አንዱ ሰው ከዴኩ ጠርዝ እንዳይወድቅ የሚያግደው አጥር ነው። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ወለሉ ከመሬት ከ30 ኢንች (76 ሴንቲ ሜትር) በላይ ከፍ ሲል ይህን አጥር ያስገድዳል፤ ቁመቱም ቢያንስ 36 ኢንች ይሆናል። ሌላው ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው የሚይዘው ነው፤ እርከኑ አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠየቃል። ከእርከኑ ጠርዝ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ሲለካ ከ34 እስከ 38 ኢንች ላይ መዋል አለበት። የሚጨበጥ መሆን ያለበት ይኸኛው ነው።

“የሚጨበጥ” ማለት ጣት ዙሪያውን ሊያቅፈው የሚችል ማለት ነው። ክብ ከሆነ ውፍረቱ ከ1¼ እስከ 2 ኢንች ነው። ክብ ካልሆነ ዙሪያው ሲለካ ከ4 እስከ 6¼ ኢንች፤ ከዚያ ከወፈረ በሁለቱም ጎኑ ጣት የሚገባበት ቦይ ይቆረጥለታል። የእኔ ሁለት በስድስት በትክክል ሲለካ 1½ በ5½ ነው፤ ዙሪያው 14 ኢንች! እግሩ የከዳው ሰው መዳፉን ማሳረፍ አይበቃውም፣ ጨብጦ መንጠልጠል አለበት። ከኋላው ግድግዳ ወይም ጣውላ ካለም የ1½ ኢንች ክፍተት ይተውለታል፤ አለበለዚያ ጣት አይዞርም። ጫፉ ደግሞ ወደ ቋሚው ወይም ወደ ግድግዳው ይታጠፋል እንጂ አየር ላይ አይቆምም፤ ነጠላዋ በእንደዚህ ያለ ጫፍ ተይዛ የተንገዳገደች እናት ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

አዲሱን ከነባር ቋሚ ጋር ማያያዙ ግን ከቋሚው ይጀምራል። ደንቡ መደገፊያው የ200 ፓውንድ (90 ኪሎ ገደማ) ግፊት እንዲችል ይፈልጋል። ያ ግፊት 36 ኢንች ከፍታ ላይ ሲያርፍ ቋሚው እንደ ምስማር መንቀያ ይሆናል፤ ከሥር የያዙት ሁለት ብሎኖች በ5 ኢንች ቢራራቁ የላይኛው ከ1,400 ፓውንድ በላይ ይጎተታል። ስለዚህ ጣውላ ከመግዛት በፊት ቋሚውን አናቱ ላይ ይዞ መነቅነቅ፣ ሥሩንም በካቻቢቴ ጫፍ መውጋት ነው። ብረቱ ሰተት ብሎ ከገባ በስብሷል። በምስማር ብቻ የተያዘ ቋሚም አዲስ መደገፊያ አይገባውም፤ አስቀድሞ እንጨቱን ከዳር እስከ ዳር በስቶ የሚያልፍ ብሎን ከሮንዴላና ከዳዶ ጋር ይግባለት።

ቋሚው ከጸና የቀረው ሥራ ትንሽ ነው። የመደገፊያው መቀጣጠያ ቋሚ ላይ እንጂ መሐል አየር ላይ አይውልም። ብሎን በእንጨቱ ጭራ በኩል፣ ከእንጨቱ ክሮች ጋር ትይዩ ከገባ አያያዙ ደካማ ነውና ከሥር በማቀፊያ ብረት ማሰር ይሻላል። ከጫፍ አጠገብ በትራፓኖ ሳይበሱ ብሎን ማስገባት ጣውላውን ይሰነጥቃል። እንዳይበሰብስ መድኃኒት የጠጣ እንጨት ውስጡ መዳብ ስላለበት ተራ ብረትን ቶሎ ያዝጋል፤ ብሎኑ በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። በመጋዝ የተቆረጠው ጫፍም መድኃኒቱን በብሩሽ መልሶ መጠጣት ይፈልጋል፤ ይህን ብዙ አናጢ ይዘለዋል።

እንዲህ ያለው ጣውላ ብዙውን ጊዜ ከመደብር የሚወጣው እርጥብ ሆኖ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሰኔ ላይ ያጠበቅኋቸውን ብሎኖች መስከረም ላይ በቁልፍ ብሞክራቸው፣ እያንዳንዳቸው ሩብ ዙር ያህል ተቀበሉኝ።