በግል በሚሠራ አውሮፕላን የሞተር ማቀዝቀዣ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለቤቱ ራሱ በገጣጠመው አውሮፕላን ላይ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ ያልፈተነው ጥምረት ነው። የመኪና ሞተር ተለውጦ ሲገጠም ራዲያተሩን፣ ቱቦዎቹንና የአየር መግቢያውን የሚመርጠው ሠሪው ነው። እንደ ሮታክስ 912 ያለ ለአውሮፕላን የተሠራ ሞተር ሲሆን እንኳ የራዲያተሩን አቀማመጥ ሞተሩን የሠራው ፋብሪካ አይወስንም። ብልሽቱ ድንገት የመጣ ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ምልክት ሰጥቷል፤ ከታች ያሉት እምነቶች ምልክቱ እንዳይታይ ያደርጋሉ።

«የሙቀት ጌጁ ካልጨመረ ችግር የለም»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ሙቀት የሚወስደው ሴንሰር በትክክል የሚለካው ፈሳሹ ውስጥ ሲጠልቅ ብቻ ነው። ቱቦ ተቀዶ ፈሳሹ ካለቀ ሴንሰሩ በእንፋሎት ወይም በአየር ተከቦ ይቀራል፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) እየጋለ ሳለ ጌጁ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ፈሳሹ ውስጥ ካለው ሌላ አንድ ሴንሰር ቴስታታው ብረት ላይ፣ አንድ ደግሞ የፈሳሹን ግፊት የሚለካ መኖር አለበት።

ግፊት ከሙቀት ቀድሞ ይናገራል። ውሃና ኤቲሊን ግላይኮል እኩል በእኩል ሲደባለቁ፣ በባሕር ወለል ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ በ107 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላሉ። 1 ባር ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ125 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፤ ግፊቱ ሲያመልጥ ይህ ትርፍ አብሮት ይሄዳል። ክዳኑ የሚይዘው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ ደግሞ በ3,000 ሜትር ላይ የመፍያው ነጥብ 5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል።

በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግፊቱ የት ላይ እንደሚረጋ መዝግቡ። ማስጠንቀቂያውን በዚያ ግማሽ ላይ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተከታተሉ። ሞተሩ ሞቆም ግፊቱ ካልተነሳ የሚያፈስ ቦታ ወይም የደከመ ክዳን አለ። ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ፈሳሹ ገና ሳይሞቅ ግፊቱ ከዘለለ ግን የቃጠሎ ጋዝ በቴስታታው ጋስኬት በኩል እየገባ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላም ቱቦው ሲጨመቅ ደንዳና ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በማስፋፊያ ገንዳው አፍ ላይ የሚደረገው ሰማያዊ የጋዝ መመርመሪያ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ነገሩ ተረጋገጠ፤ ሞተሩ ሳይጠገን መብረር የለበትም።

«መሬት ላይ ካልሞቀ አየር ላይም አይሞቅም»

የማቀዝቀዣው እውነተኛ ፈተና በሙሉ ኃይልና በዝቅተኛ ፍጥነት ወደ ከፍታ የሚደረግ ረጅም መውጣት ነው። በየ300 ሜትሩ የፈሳሹንና የውጭውን አየር ሙቀት መዝግቡ። ቴርሞስታቱ (ፈሳሹ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ የውጭው አየር በ1 ዲግሪ ሲጨምር ፈሳሹም በ1 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። በ15 ዲግሪ አየር 98 ያሳየ ሞተር በ35 ዲግሪ ቀን 118 አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው፤ የሮታክስ 912 ወሰን 120 ነው። የበጋው ችግር በቀዝቃዛው ወር ወረቀት ላይ ይታያል።

«ትልቅ ራዲያተር ሁሉን ይፈታል»

አየር ካላለፈበት ትልቅነቱ ክብደት ብቻ ነው። አየር በራዲያተሩ ውስጥ ከማለፍ ይልቅ በዙሪያው ባለው ክፍተት ማምለጥ ይቀለዋል፤ ስለዚህ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ሁሉ ሙቀት በሚችል ጎማ ትዘጋ። በአየር መተላለፊያ ቱቦ ውስጥ ለተቀመጠ ራዲያተር መግቢያው ከራዲያተሩ ፊት ስፋት ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው፣ ቀስ ብሎ እየሰፋ ከሄደ። መውጫው ከመግቢያው ይስፋ፤ የሞቀ አየር ይለጠጣልና። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው መውጫው ላይ ቢሆንም ሰው የሚያሰፋው መግቢያውን ነው። ቀለም ያለው ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ከራዲያተሩ ፊትና ኋላ አያይዛችሁ አውሮፕላኑ ወደ ከፍታ ሲወጣ የአየር ግፊቱን ልዩነት ብትለኩ ግምት አያስፈልግም።

«ቴርሞስታቱን ማውጣት ያቀዘቅዛል»

በብዙ የመኪና ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከፊሉ ፈሳሽ ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል፣ ሞተሩም ይብስ ይሞቃል።

«ፋሼታው (የቱቦ ማሰሪያው) ከጠበቀ ቱቦው አይወልቅም»

ለስላሳ የአሉሚኒየም ቧንቧ ላይ የገባ ጎማ፣ ፋሼታው የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ሲሞቅና ግፊት ሲያገኝ ሊንሸራተት ይችላል። የቧንቧው ጫፍ ዙሪያውን የተነሳ ጉብታ ይኑረው፤ ፋሼታውም ከጉብታው አልፎ፣ ከቧንቧው ጫፍ በራቀው ጎን ይቀመጥ። ከልክ በላይ ማጥበቅ ጎማውን ይቆርጣል። ከመጀመሪያው መሞቅ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንደገና ፈትሹት። በመጋጠሚያው ላይ የደረቀ ነጭ ወይም ባለቀለም ቅርፊት ካያችሁ እዚያ ያፈሳል። በእጅ ፓምፕ እስከ ክዳኑ ግፊት ሞልቶ ለ15 ደቂቃ መጠበቅ ሌላውን ያጋልጣል፤ ጌጁ መውረድ የለበትም። ለፈሳሹ በእንፋሎት የተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ ተጠቀሙ፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድን ይተዋል።

«በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ይህ ሁሉ አያሳስበውም»

ቱቦ ባይኖረውም አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩ ቆርቆሮዎችና የጎማ ጠርዞች አሉት። ጎማው በአየሩ ግፊት ከሞተሩ ሽፋን ጋር እንዲጣበቅ ግፊቱ ወዳለበት ጎን መታጠፍ አለበት፤ ወደ ሌላው ከተገለበጠ አየሩ ያመልጣል። ከሌሎቹ በቀስታ እየራቀ የሚሞቅ አንድ ሲሊንደር ቀድሞ የሚመጣው ምልክት ነው።

«ሙቀቱ ሲጨምር ኃይል መቀነስ ይበቃል»

ግፊቱ ካልተነካ የጎደለው የአየር ፍሰት ሊሆን ይችላል፤ ኃይል ቀንሶ፣ አፍንጫ ዝቅ አድርጎ ፍጥነት መጨመር ብዙ ጊዜ ይረዳል። ግፊቱ ከወደቀ ግን ፈሳሹ እያለቀ ነው፤ ያለው ጊዜ የደቂቃዎች ነው፤ ቅርብ ወዳለው ማረፊያ ወዲያው መዞር ያስፈልጋል። ካረፋችሁ በኋላ የሞቀውን ክዳን አትክፈቱ፣ በጋለው ሞተር ውስጥም ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ፤ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል።