በባሕር ዳር የታተመ ሸራን በእጅ በተሠራ የእንጨት ፍሬም ላይ መወጠር

ሸራ መወጠር ማለት ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ የታተመበትን ጨርቅ በእንጨት ፍሬም ላይ ዘርግቶ፣ ጠርዙን ወደ ኋላ አጥፎ፣ በስቴፕለር ሽቦ ወይም በምስማር እየያዙ ያለ መስታወት የሚሰቀል ሥዕል ማድረግ ነው። ሥራው ሦስት እጅ ይፈልጋል፤ የሚያትም፣ እንጨት የሚቆርጥና የሚወጥር። በባሕር ዳር ሁለተኛውና ሦስተኛው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው። ያ ሰው ሙያተኛ አናጺ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በግቢው ውስጥ መጋዝ ይዞ የሚታገል የቤቱ አባወራ። ይህ ጽሑፍ የሚያደላው ወደ ኋለኛው ነው።

የሚወጠረውን ለመገመት የከተማዋን ሳሎኖች ማየት ይበቃል። የሠርግ ፎቶ አለ፤ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ ጋዋን ለብሶ የተነሣው አለ፤ ጢስ ዓባይ በክረምት ሙላቱ፣ ጣና ላይ የደንገል ታንኳ፣ የፋሲል ግንብ፣ እመቤታችንና ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉ።

ወጠራ ከኅትመት በፊት

ወጠረ የሚለው ግሥ በጣና ዙሪያ ከማተሚያ መሣሪያ እጅግ የቀደመ ነው። ብራና የሚፍቁ ሰዎች በውኃ የተዘፈዘፈውን የፍየል ቆዳ የሚያደርቁት በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ ወጥረው ነው። የቆዳው ዳር በየቦታው ይበሳል፤ በቀዳዳው ትንንሽ እንጨት ይገባል፤ ከእርሱም ጠፍር ወደ ፍሬሙ ይሳባል። ቆዳው ሲደርቅ እየተሰበሰበ ራሱን በራሱ ይወጥራል፤ ፋቂውም የረገበውን ጠፍር እየተከተለ ያጠብቃል። የታተመ ሸራን ለሚወጥር ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ኃይሉ ከአንድ ወገን ብቻ ቢሳብ ቆዳው ይጣመማል፤ ፊት ለፊት ከሚተያዩ ሁለት ወገኖች ሲሳብ ግን ይስተካከላል። የሸራውም ሕግ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ቀዳሚ ሥራ የወጠራ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የጎበኘ ሰው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚያያቸው ሥዕሎች በጭቃው ላይ በቀጥታ የተሣሉ ሊመስሉት ይችላሉ። ቀረብ ብሎ ዳርና ዳራቸውን ያየ ግን ጨርቅ መሆናቸውን ይለያል። የጥጥ ጨርቅ በእንጨትና በጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሥዕሉ የሚቀመጠው በጨርቁ ላይ ነው። በዚህ ዘዴ ግድግዳው ራሱ ፍሬም ይሆናል። ጥቅሙ ስፋት ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ሥዕል ያለ አንዲት ቁራጭ እንጨት ይቆማል። ጉዳቱ ደግሞ የጨርቁ ዕጣ ከግድግዳው ጋር መታሰሩ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ጭቃው ሲላቀቅ፣ ሥዕሉም አብሮ ይለቅቃል። በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ከግድግዳው ነጻ ነው፤ የሚታዘዘው ለእንጨቱ ብቻ ነው።

ከተማዋ ራሷም ከጥጥ ጋር ቅርብ ዝምድና አላት። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦርነት ካሣ ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ሥራ የጀመረ ነው። በእጃቸው የሚሥሉ ሠዓሊያን ውድ ሸራ ሲያጡ ተራ አቡጀዲ ገዝተው፣ በኮላና በነጭ ቀለም ደጋግመው ቀብተው ይሠሩበታል። ለማተሚያ የሚሆነው ሸራ ግን በጥቅል የሚመጣ፣ ቀለሙን የሚይዝ ሽፋን አስቀድሞ የተቀባ ነው።

ሸራና ባነር

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰፊ ባነር የሚያትመው መሣሪያ ሸራም ማተም ስለሚችል፣ ልዩነቱን ያልጠየቀ ደንበኛ ባነር ይዞ ሊሄድ ይችላል። ባነር ፕላስቲክ ነው፤ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይረግባል፣ ፊቱም ያንጸባርቃል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። የሸራ ጀርባ ላይ ድርና ማጉ በዓይን ይቆጠራል፤ ጥጥ፣ ፖሊስተር ወይም የሁለቱ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ጥጡ ለዓይን ያምራል፤ ፖሊስተሩ በእርጥበት ያን ያህል አይለዋወጥም። ለሐይቅ ዳር ቤት እኔ ድብልቁን እመርጣለሁ።

ከማሳተም በፊት የሚታሰበው ትርፍ ጨርቅ ነው። ፍሬሙ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለጎኑ 3፣ ወደ ኋላ ለሚታጠፈው ደግሞ ሌላ 3 ያስፈልጋል። ስለዚህ የሸራው ልክ 72 በ92 ነው። ይህን ሳያሰላ ምስሉን በ60 በ80 ያሳተመ ሰው ሲወጥር የሙሽራው ጆሮ ወደ ጎን፣ የሙሽራዋ ቬሎ ወደ ጀርባ ይዞርበታል። ለመልክዓ ምድር ምስል ጎኑን በራሱ በምስሉ ቅጥያ መሸፈን ያምራል፤ ውኃው በጠርዙ ላይ የሚፈስስ ይመስላል። ለቅዱሳት ሥዕላት ግን በዙሪያው አንድ ወጥ ቀለም ያለው ዳር ማሳተም ይሻላል። የመልአክ ክንፍ ጠርዝ ላይ ተሰብሮ ማየት ደስ አይልም።

እንጨቱ

ስለ ሸራ የሚወራው ብዙ ነው፤ ሥዕል የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ነው። በየእንጨት መሸጫው በቀላሉ የሚገኘው የባሕር ዛፍ ሞራሌ፣ ማለትም በአራት ማዕዘን የተሰነጠቀ እንጨት፣ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የማይሠራበት ነገር የለም፤ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሜጫ በኩልም ማሳ ሙሉ ይታያል። በዚህ አካባቢ የሚበዛው ቀይ ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ከባድም ነው። ችግሩ እየደረቀ ሲሄድ መጣመሙ ነው። ማንኛውም እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ የሚያጥረው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ በወርዱ ግን በግልጽ ይጠብባል፤ ጭረቱ የተጠማዘዘ ከሆነ ደግሞ እንደ ገመድ ይዞራል። በእርጥቡ ተቆርጦ የተገጠመ ፍሬም ይህን ሁሉ ሸራውን እንደያዘ ያደርገዋል።

በራሴ የደረሰውን ልናገር። የመጀመሪያዬን ፍሬም፣ ጣና ላይ ለተነሣ የታንኳ ፎቶ፣ በግንቦት አዲስ ከተሰነጠቀ ሞራሌ ሠራሁ። ሻጩ ደረቅ ነው አለኝ፤ እኔም ማመን ስለፈለግሁ አመንሁ። ለመስቀል በዓል ቤቱን ሳሰናዳ አንደኛው የታች ጥግ ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ርቆ አገኘሁት፤ ታንኳው በጣና ላይ ሳይሆን በዳገት ላይ የሚቀዝፍ መስሎ ነበር። ፎቶውም ኅትመቱም ነውር አልነበረባቸውም።

ድርቀትን ለማወቅ ሁለት ቁራጭ እንጨት እርስ በርስ መምታት ነው። ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድፍን ይላል። የበለጠ እርግጠኛ መሆን የፈለገ አንዱን ቁራጭ በየሳምንቱ ይመዝናል፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም የቤቱን አየር ለምዷል ማለት ነው። ጥላ ሥር ተደርድሮ፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ በትንንሽ እንጨት ተለያይቶ፣ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይቆይ ይላል የአናጺዎች የቆየ ልማድ። ዓመት ለመጠበቅ ትዕግሥት ለሌለው ሰው የምመክረው የፈረሰ አልጋ ወይም አሮጌ በር ነው። በቤት ውስጥ ብዙ ክረምትና በጋ ያለፈ እንጨት መጣመም የነበረበትን ያህል ተጣሟል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋ ነው።

ከሚገኙት ሁሉ የሚስማማው ዋንዛ ነው፤ ቀላል፣ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ አንዴ ከደረቀ በቀላሉ የማይንቀሳቀስ። ከበሮም የሚጠረበው ከእርሱ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ዋንዛ እየተመናመነ ያለ አገር በቀል ዛፍ ስለሆነ ለአንድ የሠርግ ፎቶ አዲስ ዋንዛ ማስቆረጥ ይከብደኛል። ከቤት ዕቃ ሠሪ የተረፈ ቁራጭ ከተገኘ ግን አይታለፍም። ግራቪሊያም ደህና አማራጭ ነው። ችፑድ አይሆንም፤ ጠርዙ ሽቦ አይይዝም፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል።

ማዕዘን

አራቱ እንጨቶች ጫፋቸው በ45 ዲግሪ ተቆርጦ በኮላ ይጋጠማል፤ ከኋላ በየጥጉ የኮምፔንሳቶ ሦስት ማዕዘን ይመታበታል። ማዕዘኑ መስተካከሉን ስኳድራ ያሳያል፤ ግን ትንሽ ስኳድራ በትልቅ ፍሬም ላይ ያታልላል። የማያታልለው ሜትር ነው። ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ይለካል፤ ከዚያ የቀሩት ሁለቱ ይለካሉ፤ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ አጋድሏል። 60 በ80 የሆነ ፍሬም ለዚህ የተባረከ ልክ ነው፤ ከጥግ ጥግ ልክ 1 ሜትር ይመጣል። 60 በ90 ከሆነ 108 ሳንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኮላው ሳይደርቅ ረጅሙን ሰያፍ ጨመቅ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል፤ ከደረቀ በኋላ መፍትሔው መጋዝ ነው።

አንዱ ጎን ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ መሐል ላይ አግዳሚ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የሸራው ጉልበት ረጅሞቹን እንጨቶች ወደ ውስጥ ያጎብጣቸዋል።

ጀማሪ የሚዘልላት፣ ሙያተኛ ግን የማይረሳት አንዲት ነገር አለች። የፍሬሙ ፊት ወደ ውስጥ በኩል በመላጊያ ዝቅ ማለት አለበት፤ በውጩ ጠርዝና በውስጡ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነት ይበቃል። ሸራው እንጨቱን መንካት ያለበት በውጭው ጠርዝ ብቻ ነው። ይህ ካልተደረገ ጊዜ ባለፈ ቁጥር በሥዕሉ ላይ ከዳሩ ገባ ብሎ አራት ማዕዘን መስመር ይታተማል፤ የእንጨቱ አጥንት በጨርቁ ውስጥ ወጥቶ ይታያል። የውጭው ጠርዝ ስለቱም በብርጭቆ ወረቀት ይገደላል፤ የታተመ ቀለም በስለት ላይ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

መወጠሩ

ሸራው ንጹሕ ጋቢ ላይ በፊቱ ይደፋል፤ ፍሬሙ በላዩ ይቀመጣል። የጨርቁ ድር ከእንጨቱ ጋር ትይዩ መሆኑ ይታያል፤ ጨርቁ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ የቱንም ያህል ቢሳብ ከጥጉ የሚነሣ ሽብሽብ አይጠፋም። የመጀመሪያው ሽቦ በረጅሙ ጎን መሐል ይመታል፤ ሁለተኛው በትክክል ከፊት ለፊቱ፤ ከዚያ የአጭሮቹ ጎኖች መሐል። አራቱ ሲያዙ ሸራው ላይ ከመሐል ወደ መሐል የሚሄዱ እጥፋቶች ይታያሉ፤ ጀማሪው ይደነግጣል። ትክክለኛው ምልክት ግን ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ከመሐል ወደ ጥግ፣ በየ4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር፣ አንዱን ከመቱ በኋላ ተቃራኒውን እየመቱ ይሄዳሉ። አንድን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የብራና ፋቂውን ትምህርት መርሳት ነው።

ሶፋ ሠሪዎች የሚይዙት የሽቦ መምቻ ሥራውን ያፈጥናል፤ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር እግር ያለው ሽቦ ይበቃል። በባሕር ዛፍ ላይ ግን ሽቦው ግማሹ ገብቶ ግማሹ ይቀራል፤ በመዶሻ ማስገባት ነው። ጨርቁን ለመሳብ ሰፊ አፍ ያለው ፒንሳ ጥሩ ነው፤ ጥርሱ እንዳይቀድድ በቆዳ ቁራጭ ይሸፈናል። ጉልበት ግን ይመጠን። ሠዓሊ ገና ያልተቀባ ሸራ ሲወጥር የቻለውን ያህል ይስባል፤ የታተመው ላይ ሽፋን ስላለ ያን ያህል አይፈቅድም፤ በጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ ስንጥቅ ከታየ አልፏል ማለት ነው። ፊቱን ገልብጦ በጣት መታ ማድረግ ይበቃል፤ እንደ ከበሮ ዝቅ ያለ ድምፅ ከሰጠ ይተው።

ጥጉ የመጨረሻው ሥራ ነው። በየጥጉ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይመታ የቀረው ጨርቅ ስጦታ እንደሚጠቀለል ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ከላይና ከታች እንዲደበቅ እንጂ በጎን እንዳይታይ ይደረጋል። ጨርቁን በመቀስ መቁረጥ ሥራውን ያቀልላል፤ ግን ከቆረጡ በኋላ ዳግም መወጠር አይቻልም። ዳግም መወጠር ደግሞ ይመጣል።

ውጥረትና ርግበት

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። ዝናቧ ከሰኔ እስከ መስከረም ይከማቻል፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ ደረቅ ነው። በክረምት ሸራው ይረግባል፤ በበጋ ይመለሳል። ትንሽ ርግበት በሐምሌ ቢታይ መንካት አያስፈልግም፤ ኅዳር ራሱ ያስተካክለዋል። ኅዳርም ካላስተካከለው ሽቦው ከአንድ ጎን ተነቅሎ እንደገና ይመታል። ጥጋቸው በኮላ ያልታሰረ ፍሬሞች አሉ፤ በእነርሱ በየጥጉ ውስጥ ትንሽ ሽብልቅ እየተመታ ፍሬሙ በሚሊ ሜትር ይሰፋል። ይህ የሠዓሊያን ዘዴ ነው፤ ለመሥራት ያደክማል፤ ግን ለ1 ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሥዕል ድካሙ አይቆጭም።

ሲሰቀል ከኋላ በታችኛው ሁለት ጥግ የቡሽ ቁራጭ ይለጠፋል፤ ከግድግዳው ትንሽ ርቆ አየር ያገኛል፤ በተለይ በጭቃ ቤት። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ቀለሙን ያገረጣል። ከቤት ወደ ቤት ሲወሰድ ሁለት ሥዕሎች ፊት ለፊት ተደርገው፣ በመካከላቸው ጨርቅ ገብቶ ይታሰራሉ፤ በባጃጅ ከሆነ ተሳፋሪው በጭኑ ላይ አቁሞ በሁለት እጁ ዳርና ዳሩን ይይዛል፤ መሐሉን በጉልበቱ የነካ ሰው ቤት ሲደርስ የጉልበቱን ቅርጽ በሸራው ላይ ያገኘዋል።