እርግብን በቤት ማርባትና የጫጩቶቿ አያያዝ

እርግብ ማርባት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን የቆየ የሰፈር ልማድ ነው። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር የተሰቀለ የጣውላ ሳጥን፣ ከፊቱ ለማረፊያ የወጣ ቁራጭ እንጨት፣ ግቢው ላይ የተበተነ ማሽላ። ሙያው ይኸው ነው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ግን አይደለም። አብዛኛው አርቢ ዕውቀቱን ያገኘው ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ነው፤ ተጽፎ አላነበበውም። ይህ ዳሰሳ ያንን የሰፈር ዕውቀትና ስለ እርግብ የተጠናውን አንድ ላይ ያመጣል። የሚያተኩረው ጥንድ ከማጣመር አንስቶ ጫጩቷ ራሷን ችላ ጥሬ እስክትለቅም ባለው ጊዜ ላይ ነው።

ዘርና ታሪክ

የቤት እርግብ ሁሉ፣ ነጩም፣ ግራጫውም፣ ቡራቡሬውም፣ የዘር ግንዱ አንድ ነው። ሳይንስ ኮሉምባ ሊቪያ ብሎ የሚጠራት የዓለት እርግብ ናት። ሰው ካላመዳት 5,000 ዓመት እንዳለፈ ይገመታል፤ ከዚያም በላይ ነው የሚሉ አሉ። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. ከ1855 ጀምሮ በቤቱ እርግብ ያረባ ነበር። በለንደን የእርግብ አርቢዎች ክበብም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የሚያትተው መጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፉ ላይ ስለ እርግብ በሰፊው ያወራል። እርግብ አርቢነት የልጅ ጨዋታ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሃይማኖታችን የእርግብ ስፍራ የታወቀ ነው። ለኖኅ የወይራ ቅጠል ያመጣች እርሷ ናት። በዮርዳኖስ መንፈስ ቅዱስ የወረደው በእርግብ አምሳል ነው። ሙስሊም ወገኖቻችንም ነቢዩ በሰውር ዋሻ ሳሉ እርግብ በደጃፉ ጎጆ ሠርታ እንደነበር ሲተረክ ያውቃሉ።

ሀገራችን የራሷ እርግብም አላት። ማጅራቷ ላይ ነጭ ነጠላ ጣል ያደረገች የምትመስለው ግራጫ እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። በገደል ላይና በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ትኖራለች። እርሷ የዱር ናት፤ በሳጥን አትያዝም። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ስለ ቤቷ እርግብ ነው።

ጥንድ ማጣመር

የመጀመሪያው ፈተና ወንዱን ከሴቷ መለየት ነው። እርግብ እንደ አውራ ዶሮ ትልቅ ኩክኒ የላትም። ወንዱ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ይተልቃል፣ አንገቱ ይወፍራል፣ ግን ሁሌም አይደለም። ሼር አሚ የምትባለው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ ለተከበቡ የአሜሪካ ወታደሮች ቆስላ መልእክት አድርሳለች የሚባልላት እርግብ፣ ሴት ናት ወንድ ሲባል አንድ ምዕተ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2021 በዘረመል ምርመራ ወንድ መሆኑ ተረጋገጠ። እንዲህ ላለው ዝነኛ እንኳ ይህን ያህል ካከራከረ፣ የመርካቶ ሻጭ «ይቺ ሴት ናት» ሲል መማሉ ብዙ አያስተማምንም።

የሚሻለው ማየት ነው። ወንዱ አንገቱን ይነፋል፣ «ኩርርር» እያለ ክብ ይዞራል፣ ጅራቱን መሬት ላይ ይጎትታል። ሴቷ ከተስማማች ምንቃሯን ምንቃሩ ውስጥ ታስገባለች። ይህን ያየ አርቢ ጥንዱ እንደተገናኘ ያውቃል። ሁለት ሴት አንድ ላይ ከተቀመጡም ጎጆ ይሠራሉ፣ እንቁላልም ይጥላሉ። በአንድ ጎጆ አራት እንቁላል ካዩ ሁለቱም ሴት ናቸው ማለት ነው፤ እንቁላሉም አይፈለፈልም።

እርግብ በአምስትና በስድስት ወሯ ለመራባት ትደርሳለች። የተጣመረ ጥንድ ካልተለያየ ወይም አንዱ ካልሞተ አብሮ ይቆያል።

ሳጥንና ጎጆ

ለአንድ ጥንድ ስልሳ ሳንቲ ሜትር በአርባ የሚሆን ሳጥን ይበቃል። ሁለት ጎጆ እንዲይዝ መሆን አለበት፤ ምክንያቱ ወደኋላ ይመጣል። አፉ ዝናብ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዙር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጫጩት የሚጨርሰው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ጣሪያው ከማያፈስ ሳጥን የሚበልጥ ነገር የለም።

ለጎጆው ከሥር ዝርግ ሸክላ ወይም ጎድጎድ ያለ ሳህን ይቀመጣል። የቀረውን ለእነርሱ ይተዉት። ጭራሮና ጭድ ግቢው ላይ በተን ካደረጉ ወንዱ አንድ አንድ እየለቀመ ያመጣል፣ ሴቷ ተቀምጣ ታደራጃለች። ሳህኑን ባዶ መተው ስህተት ነው። ጫጩቷ በሚያንሸራትት ነገር ላይ ካደገች እግሮቿ ወደ ጎን ተከፍተው ይቀራሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ማቃናት ከባድ ነው።

ለአይጥና ለድመት ሳጥኑ የተሰቀለበትን እንጨት በቆርቆሮ መጠቅለል ይረዳል። ለጭልፊት ግን እርግቧን በጊዜ ከማስገባት ሌላ መላ የለም።

እንቁላልና ማቀፍ

ጥንዱ ከተገናኘ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ የመጀመሪያው እንቁላል ይጣላል። ብዙውን ጊዜ ወደ ማታ ነው። ሁለተኛው ከ44 ሰዓት ገደማ በኋላ ይከተላል። የምር ማቀፍ የሚጀምረው ሁለተኛው ሲጣል ነው፤ ለዚህ ነው ሁለቱ ጫጩቶች ተቀራርበው የሚፈለፈሉት።

ማቀፉ ተራ አለው። ሴቷ ከአመሻሽ እስከ ጠዋት ትታቀፋለች። ወንዱ ረፋዱ ላይ ይተካትና እስከ ከሰዓት በኋላ ይቆያል። ቅይይሩ ሲደርስ ሳጥኑ ደጃፍ የቆመ ሰው ያየዋል፤ አንዱ ጎጆው ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ እንቁላሉ ለደቂቃ እንኳ አይበርድም። ይህ ለ17 ወይም ለ18 ቀን ይቀጥላል።

በስድስተኛው ቀን ገደማ እንቁላሉን በጨለማ ከስልክ መብራት ፊት ቢይዙት፣ ሕይወት ካለው ቀይ ሥር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ይታያል። ምንም ካልታየ ባዶ ነው። ሰው የነካውን እንቁላል እናት ትተወዋለች የሚባለው ለቤት እርግብ አይሠራም፤ ሰው የለመደች እርግብ በአንድ ጊዜ ማየት አትሸሽም። በየሰዓቱ መነካካት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለቱ እንቁላሎች ሁልጊዜ አንዱ ወንድ አንዱ ሴት ይወጣሉ የሚል እምነትም በሰፈር አለ። እርግጥ እንደዚያ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ወንድ ወይም ሁለቱም ሴት የሚሆኑበትም ጊዜ ብዙ ነው።

የእርግብ ወተት

እርግብ የዋጠችውን ጥሬ መጀመሪያ የምታጠራቅመው ከጉሮሮዋ ሥር ባለ ከረጢት ነው። እዚህ ቋት እንለዋለን። እንቁላሉ ሊፈለፈል ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው የእናትም የአባትም ቋት ግድግዳ ይወፍራል። ከዚያ አይብ የመሰለ ነጣ ያለ ነገር መውጣት ይጀምራል። የእርግብ ወተት የሚባለው ይህ ነው። ውሃው ሲነሳ ከሚቀረው ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው፣ ቀሪው አብዛኛው ስብ። በሽታ የሚከላከል ንጥረ ነገርም አለው።

አባትም እናትም እኩል ያጠባሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን የሚያደርገው ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ነው። ኦስካር ሪድልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1933 ለሆርሞኑ ስም ያወጡለት የእርግብን ቋት እያጠኑ ነው። የሴት ልጅ ጡት ወተት እንዲይዝ የሚያደርገውም ይኸው ሆርሞን ነው።

አሁን የተፈለፈለች ጫጩት ዓይኗ አልተከፈተም፣ በቢጫ ጠጉር የተሸፈነች ቁራጭ ሥጋ ትመስላለች። ክብደቷ ሃያ ግራም አይሞላም። እንደ ሌሎች ወፎች አፏን ከፍታ አትጠብቅም። ምንቃሯን ወላጇ አፍ ውስጥ ትከታለች፣ ወላጇ አንገቱን ደጋግሞ እየነቀነቀ ወተቱን ያወጣላታል። ከጨረሰች በኋላ ቋቷ እንደ ትንሽ ፊኛ ተነፍቶ ይታያል። ጠዋት ጎጆውን የሚያይ አርቢ ማየት ያለበት ይህን ነው። ቋቷ ሙሉ ከሆነ ሳጥኑን ዘግቶ ይሂድ።

የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት ምግቡ ንጹሕ ወተት ነው። ከዚያ ወላጆቹ የራሰ ጥሬ ይቀላቅሉበታል፣ ከአሥር ቀን በኋላም ጥሬው ያይላል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ መኖ መቆጠብ አይገባም። ማሽላ፣ ስንዴ፣ የተከካ በቆሎ፣ ከሁሉም በላይ አተር ወይም ሽምብራ፣ ይስጧቸው። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር፤ ወላጆቹ ለሦስትና ለአራት ስለሚጠጡ ቶሎ ያልቃል። አሸዋና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትም ያስፈልጋል። እርግብ ጥርስ የላትም፣ ጥሬውን የምታደቀው በጠጠሩ ነው።

ዓይኗ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይከፈታል። በሳምንቷ የላባ እሾህ ይወጣባታል። ቀለበት የሚያስሩ አርቢዎች የሚያስሩት በዚህ ጊዜ ነው፤ ካለፈ እግሯ ወፍሮ አይገባም። ጫጩቶቹ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው እናት ብዙ ጊዜ እንደገና እንቁላል ትጥላለች። ሁለተኛው ጎጆ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አሮጌዎቹን ጫጩቶች መመገብ አብዛኛው በአባት ላይ ይወድቃል፣ እርሱም አያስታጉልም።

ወላጅ ያጣች ጫጩት

ጭልፊት አንዱን ወላጅ ቢወስድ፣ ጫጩቶቹ ሳምንት ካለፋቸው ሌላው ብዙ ጊዜ ያሳድጋቸዋል። ሁለቱም ከጠፉ ቀዳሚው መፍትሔ ሞግዚት ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚቀራረብ ጫጩት ያለው ሌላ ጥንድ ከተገኘ፣ ማታ በጨለማ ቀላቅሎ መተው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይቀበላሉ።

ሞግዚት ከሌለ በእጅ ነው። ከሳምንት በታች ያለችውን ማትረፍ በጣም ያስቸግራል፤ የእርግብን ወተት የሚተካ ነገር ቤት ውስጥ የለም። መጀመሪያ ትሙቅ። ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎኗ ማድረግ ይቻላል። የበረደችን ጫጩት መመገብ መግደል ነው፣ ምግቡ ቋቷ ውስጥ ይቆምና ይበላሻል። ከሞቀች በኋላ የተነፋ የጫጩት መኖ ለብ ባለ ውሃ አቅጥኖ መስጠት ይቻላል። ጫፉ ሰፋ ተደርጎ በተቆረጠ ሲሪንጅ ላይ የተቀደደ ቀጭን ላስቲክ ቢታሰር፣ ምንቃሯን እዚያ ከትታ እንደ ወላጇ አፍ ትጠባዋለች። ቋቷ ሳይጎድል አይጨመርም። የላም ወተት አይሰጥም፤ ወፍ የወተትን ስኳር አትፈጭም። ከአሥር ቀን በላይ ለሆነችው የራሰ አተር አንድ አንድ እያሉ ማጉረስ ይበቃል።

በሽታ

ጫጩቶችን በብዛት የሚያጠቃው ከወላጅ በወተቱ የሚተላለፍ የጉሮሮ በሽታ ነው። አፏን ሲከፍቱ ቢጫ የተጋገረ ነገር ይታያል። ሜትሮኒዳዞል ይሠራለታል፣ መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም ይንገርዎ። ጉሮሮውን በጥፍር መፋቅ ደም አፍስሶ ይገድላል። አንገቷ የሚጠመዘዝ፣ ኩሷም አረንጓዴና ውሃ የሆነ እርግብ ካለች ደግሞ የዶሮ ፈንግል ዘመድ የሆነ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው ለብቻ ትቀመጥ።

የደረቀ ኩስ አቧራ ለሰው ሳንባም ጥሩ አይደለም። ሳጥን ሲፋቅ ውሃ ረጨት አድርጎ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ነው። አስም ያለበት ልጅ ይህን ሥራ ባይሠራ ይመረጣል።

ራስን መቻልና የመጀመሪያ በረራ

ጫጩቷ ከ28 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ራሷን ትችላለች። ምልክቱ ክንፏ ሥር ነው። ራቁት የነበረው ቆዳ በላባ ከተሸፈነ፣ ጭንቅላቷ ላይም ቢጫው ጠጉር ከረገፈ ደርሳለች። ከወላጆቿ ከመለየትዎ በፊት ውሃ ራሷ ስትጠጣ ይዩ። ውሃውን ካላወቀች ምንቃሯን ቀስ አድርጎ አንዴ መንከር ይበቃል።

ያደገች እርግብ ገዝቶ ወዲያው የለቀቀ ሰው በማግስቱ ሻጩ ቆርቆሮ ላይ ያገኛታል። በፀሐይ ይሁን፣ በምድር መግነጢስ ወይስ በማሽተት፣ ቤቷን እንዴት እንደምታገኝ ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም፤ ሁሉንም ሳታጣምር አትቀርም። በሳጥንዎ የተፈለፈለች ግን ሌላ ቤት አታውቅም። መጀመሪያ ለጥቂት ቀን በሽቦ ወንፊት ውስጥ ሆና ጣሪያውን፣ ዛፉንና ግቢውን ትይ። ከዚያ ሳትበላ፣ አመሻሽ ላይ፣ በሩን ይክፈቱላት። ቆርቆሮው ላይ ትወጣለች፣ አንገቷን እያሰገገች ዙሪያውን ታያለች፣ ከፍ ብላ ትዞርና ትመለሳለች። ያኔ የማሽላውን ጣሳ ያንቋቁ።