ኮምፓስና ስኳድራ፦ ስለ ፍሪሜሰን የሚወራው ወሬና እውነተኛው ተቃውሞ

አያት አካባቢ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለ። በሩ ላይ ኮምፓስና ስኳድራ ተስሎ ነበር። «የፍሪሜሰን ምልክት ነው» የሚል ወሬ ተነሣና ባለሱቁ ሥዕሉን በነጭ ቀለም አጠፋው። አሁን «ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ፌሮ» የሚል ብቻ ተጽፎበታል። ሰውየው የሚሸጠው የግንበኛ ዕቃ ነው። ይህን ሳይ በጣም አዘንኩ።

ምልክቱ የመጣውም ከግንበኞች ነው። ፍሪሜሰኖች ከመካከለኛው ዘመን ድንጋይ ጠራቢዎች ማኅበራት ወግና ምሳሌ የወሰደ የወንድማማችነት ማኅበር አባላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1717 ለንደን ውስጥ አራት ሎጆች ተባብረው የመጀመሪያውን ታላቅ ሎጅ አቋቋሙ (ሎጅ ስል የቱሪስት ማረፊያውን ሳይሆን የአባላቱን ስብሰባ ነው፤ ታላቅ ሎጅ ደግሞ ሎጆቹን የሚያስተዳድረው አካል ነው)። በ1723 ደንባቸው ታተመ። ስኳድራ ቅንነትን፣ ኮምፓስ ራስን መግዛትን፣ ውሃ ልክ እኩልነትን፣ ቱንቢ ቀጥ ማለትን ያመለክታል። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ዕቃዎቹን ያውቃቸዋል።

በየሚኒባሱ የሚወራው ግን ሌላ ነው። «ዓለምን የሚገዛ አንድ አለቃ አላቸው» ይባላል። የላቸውም። እያንዳንዱ ታላቅ ሎጅ ራሱን ችሎ ነው የሚተዳደረው፤ ብዙዎቹም እርስ በርስ እውቅና አይሰጣጡም። ታላቅ ኦሪየንት የሚባለው የፈረንሳይ ታላቅ ሎጅ በ1877 በእግዚአብሔር ማመን ግዴታ መሆኑን ሲያስቀር እንግሊዞቹ ግንኙነታቸውን አቋረጡ። ስለ 33ኛው ማዕረግም ብዙ ይባላል። መሠረታዊዎቹ ማዕረጎች ሦስት ናቸው፤ 33ቱ የስኮትላንድ ሥርዓት የሚባለው ተጨማሪ ክፍል ናቸው።

ከፍሪሜሰን ጋር አንድ ነው የሚባለው ኢሉሚናቲ ደግሞ ሌላ ማኅበር ነበር። አዳም ቫይስሃውፕት የተባለ መምህር በ1776 ባቫሪያ ውስጥ መሠረተው። ከሎጆች አባላትን መልምሏል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው የባቫሪያ መንግሥት አገደው።

የፍሪሜሰን ምልክት ናት የምትባል ዓይንም አለች፤ የአሜሪካን የአንድ ዶላር ኖት ጀርባ እዩት። በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለችው ዓይን በአውሮፓ ክርስቲያናዊ ሥዕል የሥላሴና የእግዚአብሔር ጥበቃ ምልክት ሆና ኖራለች። የአሜሪካ ማኅተም ላይ የገባችው በ1782 ነው። ከፒራሚዱ ሥር ያለው የሮማ ቁጥር 1776 ነው፤ እሱም የነፃነት አዋጁ ዓመት ነው።

ሰይጣን ያመልካሉ የሚለው ክስ በስፋት የተሰራጨው በአንድ ሰው ፈጠራ ነው። ሊዮ ታክሲል የተባለ ፈረንሳዊ ከ1885 ጀምሮ የካቶሊክ አማኝ ሆኛለሁ ብሎ አስፈሪ ታሪኮችን እየፈጠረ ሸጠ። በ1897 ፓሪስ ውስጥ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ሁሉንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት አለ። ታሪኮቹ ግን ከእሱ በኋላም መዞራቸውን አላቆሙም።

ተቃዋሚ ሁሉ ግን ወሬ ይዞ የተነሣ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1738 አወገዘች፤ በ1983ም አባልነቱ እንደማይፈቀድ በድጋሚ አሳወቀች። ምክንያቱ ከባድ ነው፦ የምሥጢር መሐላ አለ፣ የየትኛውም እምነት ሰው ፈጣሪን «ታላቅ አርክቴክት» በሚል አንድ ስም እየጠራ ይሰበሰባል። ፍሪሜሰኖች ሃይማኖት አይደለንም ይላሉ። አማኝ ሰው ግን ይህ ከእምነቴ ጋር ይስማማል ወይ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው እላለሁ።

የፖለቲካውም ቅሬታ መሠረት አለው። በ1826 ኒው ዮርክ ውስጥ ዊሊያም ሞርጋን ምሥጢራቸውን አወጣለሁ ካለ በኋላ ታፍኖ ደብዛው ጠፋ። ከዚያ ቁጣ ፀረ ፍሪሜሰን ፓርቲ ተወለደ። ጣሊያን ውስጥ በ1981 ፒ2 የተባለ የፍሪሜሰን ሎጅ የአባላት ዝርዝር ሲገኝ የሚኒስትሮችና የጦር አዛዦች ስም ወጣ፤ መንግሥትም ወደቀ። በእኛው አህጉር ላይቤሪያን ማየት ነው። የሥልጣን ሰዎቹ በሎጅ የተሳሰሩ ስለነበሩ፣ በ1980ው መፈንቅለ መንግሥት ሕዝቡ ሎጁን የገዢዎቹ ቤት አድርጎ ነበር የሚያየው። የመፈንቅለ መንግሥቱ መሪ ሳሙኤል ዶም አገደው።

ሙሶሊኒ፣ ሂትለርና የስፔኑ ፍራንኮ ግን ፍሪሜሰኖችን ያሳደዱት በሌላ ምክንያት ነው፤ ከእነሱ ቁጥጥር ውጪ የሚሰበሰብ ማንንም አይፈልጉም ነበር። በ1903 ሩሲያ ውስጥ የታተመው «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» አይሁድንና ፍሪሜሰንን በአንድ ሴራ ከሰሰ። የለንደኑ ታይምስ በ1921 ከሌላ ጽሑፍ የተገለበጠ ሐሰት መሆኑን ገጽ ለገጽ እያስተያየ አሳየ። ናዚዎች ያን እያወቁም ለፕሮፓጋንዳ ተጠቀሙበት።