በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፦ የአዲስ አበባ ግንባታ ሳይቶችና አፈራቸው

አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታ ሲጀመር መጀመሪያ የሚነሳው ሳሩና የላይኛው አፈር ነው። ከዚያ መሬቱ ለወራት፣ ገንዘብ ካጠረም ለዓመታት ራቁቱን ይከርማል። ከጥቅምት በኋላ ፀሐይና ነፋስ አቧራ ያደርጉታል። ሰኔ ሲገባ ያው አፈር ጭቃ ሆኖ ወደ አስፋልቱ፣ ከዚያም ወደ ቱቦው ይወርዳል። ሁለቱን እንደ ሁለት ችግር ማየት ተለምዷል። መነሻቸው ግን አንድ ነው፤ ሳይሸፈን የቀረ መሬት።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግንባታ የሚጧጧፈው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ወቅቱ ሞቃት ስለሆነ። እኛ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። ቁፋሮውና ፋውንዴሽኑ ከክረምቱ በፊት እንዲያልቅ ሩጫ ነው። ያላለቀ እንደሆነ ሐምሌና ነሐሴ ጉድጓዱን ኩሬ ያደርጉታል፤ ፓምፕ ኪራይ ይጀመራል።

የከተማዋ አቀማመጥም አያግዝም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ግን ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ዝናቡ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ አብዛኛው የሚወርደው በአራት ወር ውስጥ ነው። በሰሜን በኩል ቀይ አፈር ይበዛል። ወደ ቦሌና አቃቂ ሲወረድ ጥቁሩ ዋልካ ይመጣል። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሕንፃም መንገድም ያናጋል። ስለዚህ ተቆፍሮ ይወጣና በሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ አፈር፣ ይተካል። የወጣው አፈር የት ይደፋ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። በየገደሉና በየወንዙ ዳር የተከመረው ቁልል የመጀመሪያውን ከባድ ዝናብ ነው የሚጠብቀው። መድረሻው አቃቂ ወንዝ፣ ከዚያም አባ ሳሙኤል ግድብ ነው፤ ደለል ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከዚህ ግድብ የተሻለ ቦታ የለም።

የዝናብ ጠብታ ባዶ መሬት ላይ ሲያርፍ አፈሩን ይበትነዋል። በኤክስካቫተርና በሮለር የተጠቀጠቀ መሬት ደግሞ ውሃ አያሰርግም፤ ሁሉም ላይ ላዩን ይፈሳል። መጀመሪያ ስስ ሆኖ፣ ቀጥሎ ቀጫጭን ቦይ ሠርቶ፣ በመጨረሻ ቦረቦር ሆኖ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግምት እንደሚለው ከግንባታ ቦታ የሚታጠበው ደለል ከእርሻ መሬት ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ከደን መሬት ከ1,000 እስከ 2,000 እጥፍ ይበልጣል። እዚያ አገር 1 ኤከር፣ ማለትም 4,000 ካሬ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ መሬት የሚነካ ግንባታ የደለል መከላከያ ዕቅድ ማዘጋጀት ግዴታው ነው።

መከላከያው ውስብስብ አይደለም። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ሳይቱ ሳይገባ በቦይ ማዞር፣ ተዳፋቱን በእርከን መቁረጥ፣ ከታች በኩል የጨርቅ አጥር ወይም የድንጋይ ክትር ማድረግ፣ ውሃው ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍበት ጉድጓድ መቆፈር፣ መኪና የሚወጣበትን በር ጎማ ጭቃውን እንዲያራግፍ ጥርብ ባልሆነ ድንጋይ ማልበስ። ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ተዳፋት ቬቲቨር ወይም ደሾ ሳር አለ፤ ደሾ እንዲያውም የጋሞዋ ጨንቻ ልጅ ነው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ገበሬው በዘመቻ የሚሠራው እርከን ይኸው ነው። ገጠር ላይ የምናውቀውን ከተማ ስንገባ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

ዋልካ ላይ ግን አንድ ችግር አለ። አሸዋ በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል። ዋልካ ውስጥ የሚበዛው ደቃቅ ሸክላ ግን ለቀናት ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቆያል፣ በጨርቅ አጥርም ያልፋል። ስለዚህ ለደቡብ አዲስ አበባ ሳይቶች ማጣራት ብቻ አይበቃም። አስቀድሞ መሸፈን ይሻላል። ከሁሉም የሚረክሰው ዘዴ ደግሞ ለዚህ ወር ሥራ የሚያስፈልገውን መሬት ብቻ መግፈፍ ነው። ግቢውን በሙሉ በአንድ ቀን ጠርጎ ሁለት ዓመት ማስቀመጥ ለዶዘሩ ኪራይ ሊያዋጣ ይችል ይሆናል፤ ለታችኛው ጎረቤት ግን አያዋጣም።

ወደ አቧራው እንምጣ። ትልቁ ምንጭ ነፋስ አይደለም፤ ጎማ ነው። ሲኖትራኩ፣ ያ ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ያለው፣ ያልተነጠፈ መንገድ ላይ በፈጠነ ቁጥር የሚያስነሳው ይብሳል። ፍጥነት መቀነስ ዋጋ የማያስወጣ መፍትሔ ነው። ጭነቱን በሸራ መሸፈንም እንደዚሁ ነው። አስፋልቱ ላይ የተንጠባጠበው ጭቃ ሲደርቅ አቧራ ስለሚሆን በሩ ላይ ያለው ድንጋይ እዚህም ያገለግላል።

ለጤና የሚያሰጋው ዓይናችን የሚያየው ብቻ አይደለም። ከ10 ማይክሮን በታች ያለው ቅንጣት በአፍንጫና በጉሮሮ አልፎ ይገባል፤ ከ2.5 ማይክሮን በታች ያለው ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይዘልቃል። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለ10 ማይክሮኑ ያወጣው የ24 ሰዓት ገደብ በሜትር ኩብ አየር 45 ማይክሮግራም ነው። ኮንክሪት፣ ግራናይትና ሴራሚክ በግራይንደር ሲቆረጥ ደግሞ ሲሊካ የሚባለው የድንጋይና የአሸዋ ማዕድን ብናኝ ይወጣል። እሱ ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። አፉን በሻርፕ የሸፈነው የቀን ሠራተኛ የተጠበቀ ይመስለዋል። ሻርፕ ግን ይህን አይዝም። ምላጩ ላይ ውሃ እያንጠባጠቡ መቁረጥ ይሻላል፤ ማስክም ለብናኝ የተሠራ መሆን አለበት።

የውሃ ቦቴ የታወቀው መድኃኒት ነው። ግን እኩለ ቀን ላይ የተረጨ ቶሎ ይተናል፤ በአንዴ የበዛ ደግሞ ጭቃ ይሆናል። ትንሽ ትንሽ፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመርና ከምሳ በኋላ ቢረጭ ይሻላል። ቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ንጹሕ ውሃ መሬት ላይ ማፍሰስ ያሳቅቃል። ለዚህ ሥራ ግን የመጠጥ ውሃ አያስፈልግም፤ ደለል ማረፊያው ጉድጓድ ያጠራቀመውም ይሆናል። በሌሎች አገሮች ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል እርጥበት የሚስብ ጨው ወይም የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ መንገድ ላይ ይረጫል። ሁለቱም የውሃ ርጭቱን ድግግሞሽ ይቀንሳሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ይታጠባሉ።

ሕጉን በተመለከተ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995ም አሉ። ግምገማው በዋናነት የሚያተኩረው ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ነው። ሳይት ላይ ግን ፎርማኑ የሚያየው አዋጁን ሳይሆን የሥራ ዝርዝሩንና ዋጋውን ነው። ውሃ መርጨት በቦቴ ተቆጥሮ የሚከፈልበት ከሆነ ቦቴው በሰዓቱ ይመጣል። «በሌሎች ዋጋዎች ውስጥ ተካቷል» ከተባለ ግን የሚመጣው ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ ሳይቱን በሚጎበኝበት ቀን ነው።