ችግኝ ተከላና የመናፈሻ እንክብካቤ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለተከላ ኑ ሲባል ሰው ይጎርፋል። ፎቶ ይነሳል፣ ጭቃው ይታጠባል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። ከወር በኋላ «አረም የምንነቅልበት ቀን ነው» ሲባል ግን ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል። ስንፍና ብቻ አይመስለኝም፤ ስለ ሥራው የምናምናቸው የተሳሳቱ ነገሮችም አሉበት።

«አንዴ ከተተከለ ዝናቡ ይጨርሰዋል»

ብዙ ችግኝ የፈጀው ይሄኛው ነው። ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ችግኝ ሥሩ ያለው በጥቂት አፈር ውስጥ ነው፣ ስለዚህ በዙሪያው ያለው መሬት ቢረሰርስ እንኳን ወደዚያ አዲስ ሥር እስኪሰድ ድረስ ብዙም አይጠቀምበትም። የመጀመሪያዎቹን 2 ወይም 3 ዓመታት በደረቅ ወቅት ውሃ የሚያጠጣው ሰው ይፈልጋል። ሲጠጣም በየቀኑ ላይ ላዩን ረጨት ረጨት አይደለም። ጥቂት ቀን እየዘለሉ፣ ቀስ እያሉ፣ ወደ ታች እስኪሰርግ ማጠጣት ነው የሚያዋጣው። ካጠራጠረህ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት፤ ከታች እርጥብ ከሆነ ወደ ሌላው ሂድ።

«ጠለቅ አድርጎ መቅበር ያጠነክረዋል»

በተቃራኒው። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ አንገቱ የሚባለው፣ ከመሬቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከተቀበረ ልጡ እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል፣ ሥሩም አየር ያጥረዋል። ጉድጓዱን ይልቅ ስፋት ስጠው፣ ሥሩ ከያዘው አፈር 2 ወይም 3 እጥፍ፤ አብዛኛው ሥር የሚሄደው ወደ ጎን ነውና። ፕላስቲኩ ደግሞ ይወልቃል! ከነፕላስቲኩ የሚተክል ሰው ዛሬም አለ፣ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። ሲወልቅ ሥሩ ክብ እየዞረ ተጠምዝዞ ካገኘኸው በእጅህ ፍታው፣ አልፈታ ያለውን ቁረጠው። እንደዛው ከተተወ ዓመታት ቆይቶ የራሱን ግንድ ሊያንቅ ይችላል።

«የረገፈ ቅጠል ቆሻሻ ነው»

መንገድ ላይ ከሆነ ያንሸራትታል፣ ይጠረግ። ከዛፉ ስር ያለውን ግን ተወው። እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል፣ ሲበሰብስ አፈሩን ያዳብራል። ለትንንሾቹ ችግኞች ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጎ መጎዝጎዝ ነው፣ ግንዱን ሳያስነኩ።

«ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ቁስሉ ቀለም ይቀባ»

አያስፈልገውም። ዛፍ በቁስሉ ዙሪያ አዲስ እንጨት እያበቀለ ራሱ ይዘጋዋል፣ ቀለሙ መበስበስን አያስቀርለትም። ወሳኙ አቆራረጡ ነው፦ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚነሳበት ቦታ ያበጠች ቀለበት አለች፣ እሷን ሳይነኩ ከእሷ ወጣ ብሎ መቁረጥ። ከፍ ያለውን ለባለሙያ ተወው፤ መሰላል ላይ መጋዝ ይዞ ጀግንነት የለም።

«ጉልበት ከሌለኝ ምን እሠራለሁ?»

ለተከላው ቀን ዶማ የሚይዝ አይጠፋም። የሚጠፋው የደረቁትን የሚቆጥር፣ ከድጋፍ እንጨቱ ጋር የታሰረው ገመድ ግንዱን እንዳይከረክረው የሚያላላ፣ የውሃ ተራ የሚያወጣ ሰው ነው።

«በጎ ፈቃድ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል?»

ደስ ያለህን ዛፍ ደስ ባለህ ቦታ መትከል አይቻልም። ከመሬት በታች የውሃ ቱቦ፣ ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊኖር ይችላል። መናፈሻውን የሚያስተዳድረው አካል ካላወቀ ደግሞ ሣር አጫጁ ችግኝህን ከሣሩ ጋር ይወስደዋል፣ ጥፋቱም የሱ አይደለም። ተራህ ደርሶ የማትመጣ ከሆነም ቀድመህ ተናገር፣ ሌላ ሰው ጀሪካኑን ይዞ እንዲሄድ።